የኔቪል ጥርስ የት ነበር?

«ኔቪል እንደሆነ አርጅቷል» ይላል ግሬም፣ አፉን የሞላው ዳቦ ድምፁን እያፈነው። «ዘንድሮ ኳሱን ባይተው ለከርሞ ይተዋል። እኔ ግን ገና አሥር ዓመት እጫወታለሁ። ይቻለው፣ እማ። ሁሌም ይችል የለ?»

ኔቪል ሆርስፎል ይህን የሰማው ከፎቅ ሲወርድ፣ ደረጃው መሀል በካልሲ እንደቆመ ነው። እናቱ ምን እንደምትመልስ ጠበቀ። «አያሳፍርህም?» ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ እሱም ቢቀር «ዝም ብለህ ብላ» ትላለች ብሎ ጠበቀ። ሒልዳ ሆርስፎል ግን መጥበሻውን በሹካ ፈቀፈቀች፤ ጭራሽ ለታናሹ ሁለተኛ እንቁላል ሰበረችለት፤ ቅቤው ላይ ቸስ ሲል እስከ ደረጃው ድረስ ተሰማ። የኔቪል ደም ፈላ። ዘው ብሎ ገብቶ ሊጮህበት አንድ ደረጃ እንደወረደ ጥርሱን ፎቅ ላይ ብርጭቆ ውስጥ እንደተወው ትዝ አለው። ያለ ጥርስ ሲቆጣ ቃላቱ በድዱ መሀል እያፏጩ ስለሚያመልጡት፣ ቁጣው የደረሰበት ሰው ከመፍራት ይልቅ ሣቅ ይቀድመዋል። ስለዚህ ተመልሶ ወጣ፤ ጥርሱን አለቅልቆ አጠለቀ፤ እግረ መንገዱንም ፀጉሩን አበጠረ። ይህን ሁሉ ጨርሶ እስኪወርድ ንዴቱ በርዶ ነበር፤ ግሬምም እንቁላሉን ጨርሶ ሳህኑን በዳቦ እየጠረገ ነበር።

ነገሩ የመጣው ካለፈው ቅዳሜ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች የሚጫወቱበት የሊድስ የራግቢ ክለብ የዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ ነበረው፤ ኳስ በእጅ ተይዞ እየተጋጩ የሚጫወቱት፣ በየቡድኑ አሥራ ሦስት ሰው ያለው ጨዋታ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የዘነበው ዝናብ ሜዳውን አቡክቶት፣ ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የማንም ማልያ ቀለም አይለይም ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ የተጋጣሚው ቡድን የፊት መስመር ተጫዋች፣ ክላይቭ ሙርሃውስ የሚባል ቁም ሣጥን የሚያክል ሰው፣ ኳሷን ብብቱ ሥር ወትፎ ሲመጣ ኔቪል ከላይ፣ ግሬም ከታች ተጠምጥመው ጣሉት። ሦስቱም ጭቃው ውስጥ አንድ ላይ ሲድበለበሉ ክላይቭ የስታዲየሙን ቆርቆሮ የሚያነቃንቅ ጩኸት ጮኸ። ሲነሳ ክንዱ ላይ ከላይም ከታችም አንድ ያልጎደለው የጥርስ ረድፍ እንደ ማኅተም ተመትቶበት ተገኘ። ዳኛው «ማነው የነከሰህ?» ሲለው ክላይቭ ዞር ብሎ ከላዩ ላይ ተጋድሞ ያገኘውን ሰው ጠቆመ። ኔቪል ነበር። በአሥራ አራት ዓመት የኳስ ዘመኑ አንድ ቀን እንኳ ከሜዳ ተባርሮ የማያውቀው ኔቪል፣ የገዛ ደጋፊው ሳይቀር እያጉረመረመበት አቀርቅሮ ወጣ። ቡድኑ በቀሩት አሥራ ሁለት ሰዎች አሸነፈ፤ ለፍጻሜውም ለንደን ዌምብሌይ ሊሄድ ነው። ኔቪል ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ሊቀርብ ነው። ከተፈረደበት ቢያንስ ስድስት ጨዋታ ይታገዳል፤ ስለዚህ ፍጻሜው ያልፈዋል። በሠላሳ አራት ዓመቱ ሳምንቱን ሙሉ የቢራ በርሜል ሲያወርድ ከርሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ለክፍያ የሚጋጭ ሰው፣ ሌላ ፍጻሜ እጠብቃለሁ ቢል ሰው ይታዘበዋል።

እዚህ ላይ አስቂኙ ነገር፣ በዚያን ቀን ሜዳ ላይ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ መንከስ የማይችለው ኔቪል መሆኑ ነው። ወጣት ሳለ የአንድ ሰው ጉልበት የፊት ጥርሶቹን አረገፋቸው፤ ጥርስ ሐኪሙም የቀሩትን ለመጠገን ከመድከም ብሎ የላይኛውን ረድፍ ሙልጭ አድርጎ ነቀለውና አንድ ወጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ገጠመለት። ጨዋታ ባለ ቁጥር ኔቪል ከስታዲየሙ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ላይ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ ጥርሱን ያወልቅና በመሀረብ ጠቅልሎ ለእናቱ ይሰጣል። ሒልዳም ጥቁር ቦርሳዋ ውስጥ ከሚንት ከረሜላዋ አጠገብ ትከተውና ጨዋታው እስኪያልቅ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ነጥብ ሲቆጠር እንኳ ሳትነሳ ትቀመጣለች። ኔቪል ከዚያ በኋላ አፉን አይከፍትም። መልበሻ ክፍል ውስጥ አይናገርም፣ ሜዳ ላይ አይጮህም፤ አሠልጣኙ ሲሰድበው በአንገቱ ብቻ ይመልሳል። የከተማው ጋዜጣ ስለ ዝምታው ሁለት ጊዜ ጽፏል፤ አንዱ ጸሐፊ «በጨዋታ ቀን እንደ መነኩሴ ይሆናል» ብሎታል። እናቱና ወንድሙ ይህን ሲያነቡ ሣቃቸውን ለመደበቅ ጋዜጣውን ይቀባበሉት ነበር።

ምስጢሩ ምስጢር ሆኖ የቀረበት ምክንያት ወተት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የከተማው አንድ ወተት አከፋፋይ ለማስታወቂያ የሚሆን ስፖርተኛ ሲፈልግ፣ ቢሮው ውስጥ የምትሠራ ሞሪን የምትባል ልጅ ከጋዜጣ ላይ የኔቪልን ፈገግታ ቆርጣ ለአለቃዋ አሳየች። ከዚያ ወዲህ ኔቪል የወተት ብርጭቆ ይዞ፣ ከንፈሩ ላይ ነጭ ጺም አብቅሎ፣ ጥርሱን ፍልቅቅ አድርጎ ከከተማው አውቶቡሶች ኋላ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ «የኔቪል ጥርስ ከእኛ ጠርሙስ» ይላል። የሚከፈለው በየማለዳው ደጃፉ ላይ የሚቀመጥ አራት ጠርሙስ ወተት ነበር፤ ሒልዳ ከሰኞ እስከ እሑድ በወተት የበሰለ ሩዝ ስትሠራ፣ የጎረቤት ድመቶች እንኳ ወተቱን አሽትተው መሄድ ጀምረዋል። ሞሪንም የኔቪል እጮኛ ሆነች። መጀመሪያ የወጡ ቀን «እኔን የጣለኝ ጥርስህ ነው» አለችው። ያኔ ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን አፉ ሲከፈት ጥርሱን አይታ ይበልጥ ፈገግ ስትልለት መልሶ ዘጋው። እነሆ ሁለት ዓመት ሆነው።

ኔቪልም ገበታው ላይ ተቀመጠ። ሒልዳ ሻይ ቀዳችላቸው፤ ግሬም ስኳሩን ወደ ወንድሙ ገፋ አደረገለት፤ ኔቪል ስኳር ከተወ ዓመታት ቢሆነውም ሁለት ማንኪያ ጨመረ። የግሬምን አፍ ላለማየት ቢጥርም ዓይኑ እዚያው እየሄደ አስቸገረው። የግሬም ጥርስ የራሱ ነበር፤ ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ አጥር የመሰለ። ሦስቱም ያንን ጥርስ እያሰቡ ስለ አየሩ አወሩ። ሊወጡ ሲሉ ሒልዳ ግሬምን አስቀድማ ኔቪልን በር ላይ አስቀረችው። ክራቫቱን እያቀናች፣ ዝም ያለው ለወንድሙ ብሎ እንደሆነ እንደገባት፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደማያደርግ፣ አባቱ በሕይወት ቢኖር በሱ እንደሚኮራ በሹክሹክታ ነገረችው። ኔቪል ግን ሳምንቱን ሙሉ ስለ ወንድሙ አንዴም አላሰበም ነበር። ያሰበው፣ እዚያ ሰዎች ፊት ጥርሱን ሲያወልቅ፣ በማግሥቱ ሞሪን ስትሰማ፣ በአውቶቡሶቹ ጀርባ ያለውን ፎቶ አይቶ የከተማው ሰው ሲስቅበት ነበር። «ምንም አይደል፣ እማ» ብሎ ብቻ ወጣ። ደግ ተብሎ መሸኘት እንደዚያ ያሳፍራል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ወደ መሀል ከተማ የወሰዳቸው አውቶቡስ ጀርባው ላይ ኔቪልን ይዞ መጣ። ግሬም በምስክርነት ስለተጠራ አብሮት ነው የሚሄደው፤ ሲጋራ ላጭስ ብሎ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣ፤ ኔቪል ታች ቀረ። ትኬት ቆራጩ መልሱን የሰጠው ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ነበር፤ ጣቶቹን ለሥራ እንደሚፈልጋቸውም ነገረው። አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት ማን መሆኑን ሲያውቁ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከፊት ከተቀመጡት ሁለት ሠራተኞች አንዱ ሌላውን «ቁርስ በልቶ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው መብላቱን ተስፋ እንደሚያደርግ መለሰ። ኔቪል ለሁሉም በዝግ አፉ ፈገግ አለላቸው። በመስኮቱ ሌላ አውቶቡስ ሲያልፍ፣ ራሱን በማስታወቂያው ላይ ወተቱን እንደያዘ፣ ለሰው ሁሉ ጥርሱን እያሳየ ሲሄድ አየ። አንዱ በቀለም እርሳስ ደም ጨምሮለታል።

ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ቤት የኮሪደሩ ወለል በቡናማ የፕላስቲክ ምንጣፍ የተሸፈነ፣ የተቀቀለ ጎመን የሚሸት ነበር። የክለቡ ጸሐፊ ሚስተር ኦልድሮይድ ለሦስት ሰው ሻይ ገዝተው አንድ ስኒ ሠላሳ ሳንቲም መሆኑን እየረገሙ ጠበቋቸው። ስለ ጥርሱ የሚያውቁት ነገር የለም። ምክራቸው አጭር ነበር፤ ኔቪል ምንም አላስታውስም ይበል፣ ግሬም ዓይኔ ውስጥ ጭቃ ገብቶ ነበር ይበል፣ ከዚያ ቶሎ ተፈርዶ ቶሎ ወደ ቤት ይገባል። ኔቪል ሻዩን ይዞ ቆሞ ሳለ ክላይቭ ሙርሃውስ ክንዱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ መጣ። ለአሥራ ሁለት ዓመት ተጋጭተዋል፤ አንዱ የአንዱን አፍንጫ ሰብሯል፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላም አንድ ብርጭቆ ቢራ ሳይገባበዙ ተለያይተው አያውቁም። ኔቪል እጁን ዘረጋ። ክላይቭ እጁን አየው፤ አልጨበጠውም።

«ሌላ ሰው ቢሆን አይገርመኝም ነበር» አለው ክላይቭ። ሲናገር አልተቆጣም፤ ኔቪልን የጎዳውም ይኸው ነው። «ተረግጫለሁ፣ ተቧጭሬያለሁ፣ ተተፍቶብኛል። ይሁን፣ ሥራዬ ነው። አንተ ግን፣ ኔቭ? ባለቤቴ እንኳ ‹እሱማ አያደርገውም› ብላ ከእኔ ጋር ተከራክራለች። ክንዴን እያሳየኋት፣ ከእኔ ጋር ተከራከረች።»

ይህን ብሎ ወደ ሌላኛው አግዳሚ ሄዶ ተቀመጠ፤ አግዳሚውም ክብደቱን ችሎ አቃሰተ። ኔቪል የተዘረጋ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት የሻይ ስኒውን በሁለት እጁ ያዘ። ግሬም ጫማውን ያይ ነበር። ያኔ የኮሪደሩ በር ተከፍቶ ሞሪን የቢሮ ካፖርቷን እንደለበሰች እየሮጠች ገባች። ለግማሽ ቀን ፈቃድ ለምና መምጣቷን፣ እሱ ብቻውን ይህን ሲጋፈጥ እሷ የወተት ደረሰኝ ስትጽፍ መዋል እንዳልሆነላት ነገረችው፤ ጉንጩንም ሳመችው። ኔቪል ደስ ሊለው ሲገባ ጥርሱን በከንፈሩ ሸፈነ።

ክፍሉ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሰብሳቢው ሚስተር ሎክውድ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው፤ ከቀኛቸው ዶክተር ፔል የሚባሉ ክብ፣ ቀይ ፊት ያላቸው ሐኪም፤ ከግራቸው ከዚህ ቀደም ተጫውተው ያለፉና አሁን ጆሯቸው የማይሰማ ሰው። የክላይቭ ክንድ ፎቶግራፍ እጅ በእጅ ዞረ። ዶክተር ፔል ከላይም ከታችም ሙሉ ረድፍ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ የተሟላ ጥርስ በዚህ ስፖርት ውስጥ ማየት ብርቅ እንደሆነ አድንቀው ተናገሩ። ሞሪን ከኋላ ወንበር ላይ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ሳታስበው ኮርታ ነበር። ግሬም ተነሥቶ ዓይኔ ውስጥ ጭቃ ገብቶ ነበር አለ፤ የትኛው ዓይን ሲባልም ሁለቱም አለ። ሚስተር ሎክውድ ብዕራቸውን አንሥተው፣ ውሳኔ ከመስጠታቸው በፊት ተከሳሹ የሚለው ነገር ካለ ጠየቁ።

ኔቪል ተነሣ። ምንም አላስታውስም ሊል ነበር። ግን ዓይኑ ክላይቭ ላይ አረፈ፤ ያ ግዙፍ ሰው ቀና ብሎ፣ አሁንም የሆነ ነገር እንዲነግረው የሚጠብቅ ይመስል ያየዋል። የዌምብሌይ ነገር በዚያች ሰዓት አልታወሰውም። ክላይቭ ከዛሬ በኋላ ሲያየው ሁልጊዜ ክንዱን እንደሚያሽ፣ የክላይቭም ሚስት በተከራከረችለት ነገር ተሳስታ እንደምትቀር ብቻ ታየው። ወደ ሞሪን ሳይዞር አውራ ጣቱን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ የላይኛውን ጥርሱን አውጥቶ ከፎቶግራፉ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፊቱ እንደ ተነፈሰ ኳስ ወደ ውስጥ ገባ።

«ክቡር ሸብሻቢ» አለ፣ «እኔ መንከሽ አልችልም።»

ጆሯቸው የማይሰማው ሰውዬ ጎንበስ ብለው ጥርሱን አዩና ይህ የማን ነው ብለው ጠየቁ። ዶክተር ፔል ግን ሕክምና ባዩበት የሚደሰቱ ሰው ስለነበሩ ወዲያው ተነሥተው ጠረጴዛውን ዞሩ፤ የኔቪልን አገጭ ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩና አፉ ውስጥ ገብተው ሊያድሩ እስኪመስሉ ድረስ አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አወለቁ፤ የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቅልለው ክንዳቸውን ሰጡት፤ ባለ በሌለ ኃይሉ እንዲነክሳቸውም አዘዙት። ኔቪል አፈረ፤ ግን ታዘዘ። ዶክተሩ ለትንሽ ጊዜ ቁም ነገረኛ ፊት ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንደ ልጃገረድ ተንከተከቱ። ክንዳቸው ላይ ከምራቅና ከሥር ጥርሱ ደብዛዛ ጭረት በቀር ምልክት አልተገኘም። ጆሯቸው የማይሰማው ሰውዬም ነገሩ ሲገባቸው የራሳቸውን እጅጌ መጠቅለል ጀምረው ነበር፤ ሚስተር ሎክውድ ናቸው በብዕራቸው ጠረጴዛውን መትተው ያስቆሟቸው።

ሰብሳቢው ግን የዋዛ ሰው አልነበሩም። ጥርሱ አሁን መውለቁ ቅዳሜ ዕለት ለመውለቁ ማስረጃ አይሆንም አሉ፤ በዚያ ሰዓት የት እንደነበረም ጠየቁት። ኔቪል እናቱ ቦርሳ ውስጥ እንደነበረ መለሰ። ይህን እናቱ ታረጋግጥ እንደሆነ ተጠየቀ። ቤታቸው ስልክ የለም፤ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ሚስስ ቱዌይትስ ቤት ተደወለና ሒልዳ ከጓሮ ልብስ ስታሰጣ ተጠርታ መጣች። በስልክ ስትነጋገር እስከ ሊድስ መሀል ከተማ ያለ ስልክ የሚሰማ ድምፅ ስለምታወጣ፣ ሚስተር ሎክውድ እጀታውን ከጆሯቸው አርቀው ያዙት፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማት። መጀመሪያ የጋዝ ቤት ሰዎች መስለዋት ቆጣሪው ከተነበበ ሁለት ሳምንት እንኳ እንዳልሞላው አስረዳች። ሰብሳቢው ማን እንደሆኑ በትዕግሥት ነገሯት።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ሚስስ ሆርስፎል። ቅዳሜ ዕለት ጨዋታው ሲካሄድ የልጅዎ ጥርስ የት ነበር?»

«የየትኛው ልጄ?» አለች ሒልዳ።

«የኔቪል።»

«ቦርሳዬ ውስጥ ነዋ። የት ይሁን? ሚንት እንኳ ስበላ እሱን እንዳልነካ ተጠንቅቄ ነው የማወጣው።»

ሚስተር ሎክውድ ይህን ጻፉ። ምስጋናቸውን ሊያቀርቡ አፋቸውን ከፈቱና፣ የሆነ ነገር ትዝ ብሏቸው ፎቶግራፉን አዩ፤ ቀና ብለውም ግሬምን አዩ። «የግሬምስ?» አሉ በዝግታ።

ሽቦው ብቻ እዝዝ አለ። ለኔቪል እናቱ የሚስስ ቱዌይትስ ኮሪደር ውስጥ፣ የልብስ መቆንጠጫ በእጇ እንደያዘች ቆማ ታየችው። ለሁለቱም ልጆቿ እኩል ሥጋ የቆረጠች፣ እኩል ሹራብ የሠራች፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ተብላ የማታውቅ ሴት ናት። ክላይቭ እንኳ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። በመጨረሻ ድምፅዋ መጣ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ላይ ቀስ ብላ ተናገረች።

«የግሬም» አለች፣ «አፉ ውስጥ።»

የግሬም ጆሮ ቀላ፤ ቅላቱ ወደ አንገቱ ወረደ። ማንም ሳይጠራው ብድግ አለ። ክላይቭ ጣቱን አፍንጫው ውስጥ እስከ ግንባሩ ድረስ እንደከተተበት፣ መተንፈስ እንዳቃተው፣ ያገኘውን ነገር እንደነከሰ፣ ዳኛው ወንድሙን ሲያስወጣ ደግሞ ጊዜው እንዳለፈበት እያቆራረጠ ተናገረ። ክላይቭ እጁን አንሥቶ አፍንጫ መሆኑን እንዳላወቀ፣ ማልያ ጨብጬ ነው ብሎ ሲጎትት እንደነበረ አስረዳ። ሚስተር ሎክውድ የከባድ ነገር ፊት ይዘው ይህንንም ጻፉት። ውሳኔው ወዲያው ተነበበ፤ ኔቪል ነፃ ነው፤ ግሬም ስድስት ጨዋታ ይታገዳል። ፍጻሜው የሚደርሰው ከስድስቱ በሦስተኛው ላይ ነው። ግሬም አንገቱን ነቀነቀ፤ ወንድሙን ግን አላየውም። ሚስተር ኦልድሮይድ በበኩላቸው በአንድ ውሎ አንድ ተጫዋች አጥተው አንድ ማግኘታቸውን ሲያሰሉ ትርፍና ኪሳራው ስላልተገለጠላቸው ሻይ ሊገዙ ወጡ።

ኮሪደሩ ላይ ክላይቭ መጥቶ ጤነኛ እጁን ለኔቪል ዘረጋለት፤ ሳይለቀውም ለባለቤቱ ስልክ መደወል እንዳለበት፣ ይህን ክርክር ለዓመታት እንደምታነሳበት ነገረው። ኔቪል ጥርሱን በመሀረብ ይዞ፣ ሞሪን ከአግዳሚው ጫፍ ስታየው ቆሞ ቀረ። እሷ ቀረብ አለች። ሊያጠልቀው ሲል እጁን ያዘችው፤ ልትከራየው ያሰበችውን ቤት እንደምታይ ከግራም ከቀኝም ዞራ አየችው።

«ሌላስ የሚወልቅ ነገር አለህ?» አለችው።

«የለኝም።»

«ፀጉርህስ?»

«የራሴ ነው።»

ሞሪን ለማረጋገጥ ሳብ አደረገችው፤ አመመው። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ መጀመሪያ ያለቀሰች የመሰለ፣ ኋላ ግን ጨርሶ ማቆም ያቃታት ሣቅ ሳቀች። ስትረጋጋ ተናደደች፤ የተናደደችውም በጥርሱ አልነበረም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፖም ሆዴን ያመኛል እያለ ሳይበላ የኖረው የእናቷን የፖም ኬክ መሆኑን፣ እናቷም አማችዬው ኬኬን ይንቃል ብላ ስታዝን እንደኖረች ነገረችው። ነገ አለቃዋ ስለ ማስታወቂያው ሲጠይቃት የምትለውንም አስባ ነበር፤ ለጥርስ አልባ ሰው ከወተት የተሻለ ምግብ የለም ትለዋለች። ቢያባርራትም ያባርራት፣ በየማለዳው የሚመጣውን አራት ጠርሙስ ግን አስቀድማ ታስቆማለች።

ኔቪል፣ ሞሪንና ግሬም ሦስቱም አብረው ወደ ቤት ሲደርሱ ገና አልመሸም ነበር። ሒልዳ ገበታውን አቅርባለች፤ ጉበት በሽንኩርት፣ ድንችና አተር። ኮቷን አላወለቀችም፤ ከሚስስ ቱዌይትስ ቤት ከተመለሰች ጀምሮ እንደዚያው ለብሳው ስታበስል እንደዋለች ፊቷ ላይ ይታያል። ስለ ውሳኔው ማንም አልነገራትም፤ አልጠየቀችም። ለሞሪን ወንበር ሳበችላት፤ ለአራቱም እኩል እኩል አወጣች። ግሬም ወደ ፎቅ ሊወጣ ደረጃው ሥር ደርሶ ነበር፤ ቆመ፤ ተመለሰ፤ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ግሬም ሳህኑን እያየ እናቱን፣ አላውቅም ማለት ትችይ ነበር አላት።

«ማን ነከሰ ብሎ ቢጠይቀኝ አላውቅም እል ነበር» አለች ሒልዳ። «ሰውዬው የጠየቀኝ ጥርስህ የት ነው ብሎ ነው። ጥርስ የሌለው ልጅ እያለኝ ጥርስ ያለውን አላውቅም ልበል?»

ኔቪል ጠዋት ደረጃው ላይ የሰማውን ሊያነሳ አስቦ ተወው፤ እሱም ዝም ያለው ለማን ብሎ እንደነበር ያውቃል። ከዚያ ይልቅ በዚያ ገበታ ላይ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ጉበቱ በዚያ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሥር እየሾለከ ሲያስቸግረው፣ ጥርሱን አውጥቶ ሞሪን ፊት ጨው አጠገብ አስቀመጠው። ሞሪን አየችው፤ ጨዉን ወደዚያ አራቀችና መብላቷን ቀጠለች። ኔቪል ድንቹን ጨረሰ፤ አተሩን ጨረሰ፤ ጉበቱን በምላሱ ከአንድ ጉንጭ ወደ ሌላው እያዞረ ሲታገል ግሬም ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እጁን ሰዶ የወንድሙን ሳህን ወደ ራሱ ሳበ። ጉበቱን መቆራረጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ተለቅ ተለቅ አድርጎ፣ ኋላ ተመልሶ አንዱን ለሦስት፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ለሕፃን እንደሚቆረጥ አሳንሶ ከተፈው። ሳህኑን መልሶ ገፋለት።

ኔቪል አንዷን በሹካ አንሥቶ ቀመሳት፤ እያፏጨ «ደህና ነው» አለ። ግሬም የራሱን ጉበት ጎረሰና ሁለት ጊዜ አኝኮ ፊቱን አጨማደደ።

«እማ፣ ይኼ ጉበት ግን ጠንክሯል።»

«ክላይቭ አይደለም» አለች ሒልዳ፣ ኮቷን እያወለቀች። «ንከሰው።»